«ውሻ እኮ ውሻ ነው» ለሚሉኝ ጎረቤቶቼ

ሁለት ውሾች አሉኝ፤ ዳማና ቡላ። እንደ ፈረስ በመልካቸው ነው ስም ያወጣሁላቸው። ሁለቱንም ያመጣኋቸው ከመንገድ የተለቀሙ ውሾች ከሚጠለሉበት ግቢ ነው። ጎንደር ላይ ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይመክረኛል። ምክሩ የሚመጣው ቡና ላይ ነው። አብዛኛው ደግሞ ልክ አይደለም።

«የተጣለ ውሻ ዓመል አለበት»

ዓመል የሌለበት ማን አለ? ውሻ ግን የሚጣለው በዓመሉ ብቻ አይደለም። አከራይ «ውሻ አልፈልግም» ይላል። ሴት ቡችላ ከሆነች «ነገ ትወልድብናለች» ተብላ በካርቶን መንገድ ዳር ትቀመጣለች። የዳማ ጥፋት ይኸው ነበር፤ ሴት መሆኗ።

ዳማ ስትመጣ ዘጠኝ ቀን ከማገዶው ክምር ኋላ አልወጣችም። ምግቧን አስቀምጬ ፊቴን ካላዞርኩ አትቀምስም። በአሥረኛው ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ አገጯን ጫማዬ ላይ አሳረፈች። እግሬ እስኪደነዝዝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። ቡላ ግን በመጣበት ቀን ነጠላ ጫማዬን በላ። ግቢው አንድ፣ ምግቡ አንድ፣ ዓመሉ ግን ለየቅል።

«ሚጥሚጣ የበላ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል»

ጋሼ፣ ጎረቤታችን፣ ይህን ሳይሉኝ ያለፉበት ሳምንት የለም። «ትንሽ ጣል አድርግበት፤ ሌባ አይደፍርህም።» ሚጥሚጣ የውሻን አፍና ሆድ ያቃጥላል፣ ያስቀምጠዋል፤ በቃ። ሆዱን የሚያመው ውሻ ቢነጫነጭ ጀግና ሆነ ማለት አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማንም የማይጠረጥረው ሽንኩርት ነው። ቀዩም ነጩም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፤ መብሰሉም አያድነውም። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይጀመርም። ስለዚህ የወጥ ትርፍራፊ ለውሻ ምግብ አይሆንም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እንደ ስንጥር እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። የእኔዎቹ ደረቅ እንጀራ ወይም ሩዝ፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ከተቀቀለ ሥጋ ጋር ይበላሉ። በሁዳዴ 55 ቀን ልኳንዳው ሲዘጋ እንቁላል እቀቅልላቸዋለሁ። እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ኋላ ለእነሱ አንድ ጎን የተጨረመተ ድስት ለይታ ሰጠችኝ። «የጾሙን እንዳትነካ» አለች።

«ታስሮ የዋለ ውሻ ነው ማታ የሚጠብቅ»

ቀን ሙሉ በሰንሰለት የሚውል ውሻ ሰው አይለምድም። ፈሪ ይሆናል። የፈራ ውሻ ደግሞ እንግዳውንም ልጁንም አይለይም። ዳማ ታስራ አታውቅም። ሌሊት ጅብ በሰፈራችን ሲያልፍ ግን መጀመሪያ ጆሮዋን የምታቆመው እሷ ናት። ቡላ የሚጮኸው እሷ ከተነሳች በኋላ ነው። ጩኸቱ ግን የሁለት ውሻ ነው።

«የሚጮህ ውሻ አይናከስም»

ይናከሳል። ጅራቱን የሚቆላም ይናከሳል፤ መቁላት ሁልጊዜ ደስታ አይደለም።

«ውሻ የሚያብደው ፀሐይ ሲከርር ነው»

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከፀሐይም ከረሃብም አይደለም፤ ከቫይረስ ነው። የሚተላለፈው በታመመ እንስሳ ምራቅ ነው፤ ብዙ ጊዜም በንክሻ። ስለዚህ በሐምሌ ዝናብም ይይዛል።

ባለፈው ዓመት ቡላ አጥንት ሲግጥ የጎረቤት ልጅ ሊቀማው ሞከረ፤ ቡላም ጣቱን ነከሰው። እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጠበል ልትሮጥ ነበር። «እትዬ፣ ጠበሉ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሳሙና» አልኳት። የልጁን እጅ ቧንቧ ስር ይዘን 15 ደቂቃ በሳሙና አጠብን፤ ሰዓቱን የያዘችው እሷው ናት። ከዚያ የቡላን የክትባት ካርድ ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ቡላን ደግሞ 10 ቀን በዓይናችን ጠበቅነው። ጤነኛ ነበር። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ይህ በሽታ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያዋጣው ቀድሞ መሮጥ ነው። ውሾቹን በየዓመቱ አስከትባለሁ። የእንስሳት ሐኪም የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ «የት ላስከትብ?» ማለት አያምርም።

«ውሻ ማቀማጠል የፈረንጅ ነገር ነው»

ፋሲል ግቢ ውስጥ የአንበሳ ቤት አለ። ውሻ ነው የሚከብደን? ቤተ ክርስቲያን አይገባም መባሉ ሥርዓት ነው፤ እሱን አልነካም። የእኔዎቹም የሚያድሩት በረንዳ ላይ ነው።

«ሁለት ከሆኑ እርስ በርስ ይጫወታሉ፤ አንተ ታርፋለህ»

ማን ያረፈ? ሁለት ሳህን፣ ሁለት ክትባት፣ ሁለት ዓይነት ኩርፊያ። መጀመሪያ ላይ ዳማ ቡላን ሳህኗ አጠገብ ስታየው ታጉረመርም ነበር። ለየብቻ ማብላት ከጀመርኩ በኋላ ነው የበረደላት። የምትተኛበትን ጆንያ ግን ለማንም አታስነካም።

በክረምት መብረቅ ሲጮህ ያ በጅብ ላይ የሚፎክረው ቡላ በረንዳውን አቋርጦ ይሮጥና ጆንያዋ ላይ ይወድቃል። ዳማ ታጉረመርማለች። ከዚያ ትንሽ ትጠጋለታለች።