አዋላጅነት ልጅ መቀበል ብቻ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወደ ሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎች ለተግባር ልምምድ የሚመጡ የሚድዋይፈሪ ተማሪዎች ከመማሪያ ክፍል ያገኙትን ብቻ ይዘው አይመጡም፤ ከጎረቤትና ከቀደሙ ተማሪዎች የሰሙትም አብሯቸው ይገባል። ከሰሙት ውስጥ እናትን ወይም ሕፃንን ሊያሳጣ የሚችል አለ። በጣም የሚያሳስበኝን ላንሳ።

«ዋናው ሙያ ልጁን መቀበል ነው»

ልጁ የሚወለድበት ቅጽበት አጭር ነው። ሙያው የሚፈተነው ከዚያ በፊት ባሉት ረጅም ሰዓታት ነው። ምጡ ከተፋፋመ በኋላ የፅንሱ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው፣ እናቲቱ ማማጥ ስትጀምር ደግሞ በየ5 ደቂቃው ይደመጣል፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ሲሆን ጤናማ ነው። መዳፍን ሆዷ ላይ አሳርፎ በ10 ደቂቃ ውስጥ ምጡ ስንት ጊዜ እንደመጣና ስንት ሰከንድ እንደቆየ መቁጠርም አለ። ዶፕለር (የፅንሱን የልብ ምት የሚያሰማ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ካለ መልካም፤ ነገር ግን መብራት ይጠፋል፣ ባትሪ ያልቃል። ያኔ ፒናርድ (ሆድ ላይ ተደግፎ በጆሮ የሚደመጥበት ቀንድ መሰል ማዳመጫ) ይነሳል፤ ፒናርድ የት እንደሚቀመጥ ለማወቅ ደግሞ የፅንሱ ጀርባ በየትኛው ጎን እንዳለ በእጅ ዳስሶ መለየት ያስፈልጋል። ይህን ዳሰሳ እጅ የሚለምደው በመደጋገም ብቻ ነው።

«ፓርቶግራፍ ለሪፖርት የሚሞላ ወረቀት ነው»

ይህን ስሰማ እቆጣለሁ። ፓርቶግራፍ የማህፀን በር አከፋፈትና የእናትና የፅንሱ ሁኔታ ምጡ እየሄደ ሳለ የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ ነው። እናቲቱ ከወለደች በኋላ በግምት የተሞላ ፓርቶግራፍ ለእርሷ ምንም አልጠቀማትም። ፊልፖት እና ካስል የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1972 በዛሬዋ ዚምባብዌ ምጡ መዘግየቱን የሚጠቁመውን የማስጠንቀቂያ መስመርና እርምጃ መወሰድ ያለበትን ጊዜ የሚያሳየውን የእርምጃ መስመር በፓርቶግራፍ ላይ ሲያስተዋውቁ በመካከላቸው የ4 ሰዓት ልዩነት አደረጉ። ምክንያቱም ከራቀ ጤና ተቋም የምትላክ እናት ሆስፒታል የምትደርስበት ጊዜ ያስፈልጋታል። ይህ ስሌት ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል፤ ከመንዝ ገጠር አምቡላንስ ተጠርቶ ደብረ ብርሃን እስኪደረስ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው አዲሱ የምጥ መከታተያ ቅጽ ንቁውን (የተፋፋመውን) የምጥ ደረጃ የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተበት ይጀምራል። እናቲቱ አጠገቧ ሰው መኖሩን፣ ፈሳሽ መጠጣቷንና አቀማመጧንም ይመዘግባል።

«ልጁ ከተወለደ ሥራው አልቋል»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ደም መፍሰስ እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ እልልታው ሳያባራ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ልጁ እንደወጣ ሆድ ተዳስሶ መንታ አለመኖሩ ይረጋገጣል፤ በ1 ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን (ማህፀኑን አኮማትሮ ደም መፍሰስን የሚከላከል መድኃኒት) በጡንቻ ይሰጣል። ሕፃኑ ደህና ከሆነ እትብቱ ከመታሰሩ በፊት ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ይጠበቃል። እንግዴ ልጁን ማውጣት የጉልበት ሥራ አይደለም፦ ማህፀኑ እስኪኮማተር ይጠበቃል፣ አንዱ እጅ ከብልት አጥንት በላይ ማህፀኑን ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው እትብቱን በዝግታ ይስባል። ማህፀኑ ሳይኮማተርና ሳይደገፍ የሚጎትት ሰው ማህፀኑን ሊገለብጠው ይችላል። ከዚያ እንግዴ ልጁ ሙሉ መሆኑ ይታያል፤ ማህፀኑ ጠንክሮ መቆየቱም በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በየ15 ደቂቃው ይዳሰሳል።

ተማሪዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር፦ ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለው ቆላ ጠረጴዛ ላይ የሰነበተ መድኃኒት ኃይሉን ሊያጣ ይችላል፤ መርፌው ቢወጋም ደሙ ላይቆም ይችላል።

«ያላለቀሰ ሕፃን በእግሩ ተንጠልጥሎ ይመታል»

አይመታም። በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ጀርባው ይታሻል። ያን ጊዜም ካልተነፈሰ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚገፋ ከረጢት) እና በጭምብል አየር ይሰጠዋል፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱ አየሩ መግባቱን ያሳያል። ጭምብሉን ፊት ላይ በትክክል መግጠም በአሻንጉሊት ላይ ደጋግሞ ካልተለመደ በእውነተኛው ቀን እጅ ይንቀጠቀጣል።

ወዲያው ማጠብም ስህተት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ መንዝ ደግሞ ብርዱ የታወቀ ነው። ሕፃኑ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ተኝቶ ከላይ ይሸፈናል፣ ኮፍያ ይደረግለታል፣ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምራል። ገላውን መታጠብ ለ24 ሰዓት ይቆያል።

«ያልወለደች ልጅ ምን ታውቃለች?»

ወጣት አዋላጆች «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለውን ተረት ሳይሰሙ አይውሉም፤ ወንዶቹም የባሰ ይባላሉ። ችሎታ ግን በሥልጠናና በልምምድ ይገኛል፤ ዕድሜም ጾታም አይሰጠውም።

«ካልተቆጧት አታምጥም»

ጩኸት ምጥ አያፋጥንም። ልጁ ቶሎ እንዲወጣ ሆድን ከላይ መጫንም አይመከርም፤ እናቲቱንም ሕፃኑንም ሊጎዳ ይችላል። ከምርመራ በፊት «እናቴ፣ ልመርምርሽ?» ብሎ ፈቃድ መጠየቅ፣ የተገኘውን መንገር፣ እህቷን ወይም እናቷን አጠገቧ ማስቀመጥ፣ ቁጢጥ ማለት ወይም መንበርከክ ከፈለገች በዚያው አኳኋን ማዋለድን መለማመድ ከዋናዎቹ ክህሎቶች ውስጥ ናቸው፤ ተማሪውም በእነዚህ ሊመዘን ይገባል።