አሮጌ የደመወዝ ፕሮግራም ሲታደስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ባሉ የጅምላ መደብሮች፣ ኮምቦልቻ ባሉ ፋብሪካዎች ሒሳብ ክፍል ዛሬም በቪዥዋል ቤዚክ 6 (የማይክሮሶፍት የድሮ የፕሮግራም ቋንቋ) እና በአክሰስ (የመረጃ ቋት መሥሪያ) የተሠሩ የዕቃና የደመወዝ ፕሮግራሞች ያጋጥማሉ። የሠራቸው ሰው ብዙ ጊዜ ከተማውን ለቋል። «አድሱልን» ሲባል ሥራው የሚደርሰው በቅርብ ለተመረቁ ልጆች ነው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ስለ ሞጁል፣ ማለትም የራሱን ሥራ ይዞ ከሌላው ስለሚለይ የፕሮግራም ክፍል፣ ይዘውት በሚመጡት ሐሳብ ግን አልስማማም።

«ሞጁል ማለት ረጅሙን ኮድ ቆራርጦ በየፋይሉ ማስቀመጥ ነው»

መቁረጡስ ይቆረጥ፤ ግን የት ላይ? አንዱን ትልቅ ፎርም (መረጃ የሚሞላበትን ገጽ ከነኮዱ) አሥር ፋይል አድርጋችሁት አሥሩም ያንኑ ግሎባል ቫሪያብል፣ ማለትም ከየትም ሆኖ ሊለወጥ የሚችል የጋራ ዋጋ፣ የሚነካኩ ከሆነ ምንም አልተለያየም። እንዲያውም ስህተት ሲመጣ የምትፈልጉበት ቦታ በዛ።

ዴቪድ ፓርናስ የተባለ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ነገር አጥርቶታል። ፕሮግራምን በሥራው ቅደም ተከተል፣ ማለትም አንብብ፣ አስላ፣ አትም እያሉ መከፋፈል አያዋጣም አለ። ይልቅ ነገ ሊለወጡ የሚችሉትን ውሳኔዎች ለዩና እያንዳንዱን በአንድ ሞጁል ውስጥ ደብቁት። ሌላው ኮድ መልሱን ይጠይቅ እንጂ መልሱ እንዴት እንደተገኘ አይወቅ።

ወደ እኛ ደመወዝ እናምጣው። አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አሳደገው። 35 በመቶ የሚቆረጥበት እርከንም ከ10,900 ብር በላይ የነበረው ከ14,000 ብር በላይ ሆነ። እነዚህ ቁጥሮች በአሮጌ ፕሮግራም ውስጥ የት ይገኛሉ? ደመወዝ ፎርሙ ላይ፣ ትርፍ ሰዓቱ ላይ፣ ቦነሱ ላይ፣ ሪፖርቱ ላይ፤ በኮፒ ፔስት ያልደረሱበት የለም። አንዷ ቦታ ከተረሳች ፔሮሉ (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ) ሌላ፣ ሪፖርቱ ሌላ ያወራል።

ሞጁል ቢሆን አንድ ፈንክሽን፣ ማለትም ሲጠየቅ አስልቶ መልስ የሚሰጥ የኮድ ክፍል፣ ብቻ ይኖር ነበር፦ ይህን ያህል ደመወዝ፣ በዚህ ወር፣ ግብሩ ስንት ነው? ወሩን መጠየቁ ትርፍ ነገር አይደለም። የአምና ፔሮል እንደገና ሲታተም በአምናው ሠንጠረዥ መሰላት አለበት። የጡረታውም 7 እና 11 በመቶ እንደዚሁ የራሱ ቤት ይፈልጋል።

«አሮጌው ኮድ ቆሻሻ ነው፤ ከዜሮ መጻፍ ይሻላል»

በጣም የምፈራው ይህን ነው። ኮዱ ያስጠላል፣ እውነት ነው። ግን ውስጡ «ወሩ 13 ከሆነ እለፈው» የሚል መስመር ይኖራል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «የቀን ሠራተኛ ከሆነ ግን አስላ»። የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜ ለብቻ አይከፈለውም፤ የቀን ሠራተኛ ግን በሠራበት ቀን ይከፈለዋል። ይህን የትም ሰነድ ላይ አታገኙትም። ከዜሮ የጀመረ ልጅ የሚያውቀው ጳጉሜ ሲመጣ ነው፣ ያውም ሠራተኛው በር ላይ ተሰልፎ።

የቀን መቁጠሪያው ራሱ አንድ ሞጁል ይገባዋል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች፤ 2015 ላይ እንደሆነችው። ይህ ሕግ ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ።

«በድሮ ቋንቋ ሞጁል አይሠራም»

ይሠራል። ቪዥዋል ቤዚክ 6 ክላስ ሞጁል፣ ማለትም መረጃንና ሥራውን አንድ ላይ አሽጎ የሚይዝ ክፍል፣ አለው። ከእሱም የሚያረጀው የኮቦል ቋንቋ እንኳ ሌላ ፕሮግራም ጠርቶ ያሠራል። ማይክሮሶፍት ለቪዥዋል ቤዚክ 6 መሥሪያ ድጋፍ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2008 ስለሆነ ውሎ አድሮ መውጣቱ አይቀርም። ነገር ግን መጀመሪያ እዚያው በነበረበት ለዩት፣ ከዚያ አንድ አንዱን አውጡ። የተለየ ነገር ለማጓጓዝ ይቀላል።

«ዘመናዊ ከተባለ ማይክሮሰርቪስ መሆን አለበት»

ማይክሮሰርቪስ ማለት አንዱን ፕሮግራም ለየብቻ የሚነሱ ትናንሽ ፕሮግራሞች (ሰርቪሶች) አድርጎ መበተን ነው። ሁለት ካሸር ላለው መደብር? መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አምስቱን ሰርቪስ ማን ሊያስነሳ ነው? ድንበሩ በደንብ የተሰመረ አንድ ፕሮግራም ይበቃል።

«መጀመሪያ ትምህርቱን ልጨርስ፣ ከዚያ እነካዋለሁ»

የመማሪያ ምሳሌዎች ንጹሕ ናቸው፤ የሞጁል ጥቅም ደግሞ የሚታየው በተዝረከረከ ኮድ ላይ ነው። ስለዚህ ከፕሮግራሙ ቅጂ ላይ ትንሽ ነገር ምረጡ፤ የግብር ስሌቱን በሉ። ከመንካታችሁ በፊት ያለፉትን ወራት ፔሮል አውጥታችሁ አስቀምጡ። ለይታችሁ ስትጨርሱ እነዚያኑ ወራት እንደገና አስሉና ሳንቲም በሳንቲም አስተያዩ።

ወደ ሌላ ቋንቋ ስትሻገሩ የሳንቲም ልዩነት ከመጣ አትደንግጡ። የቪዥዋል ቤዚክ 6 ራውንድ የሚባለው ማጠጋጊያ ፈንክሽን 2.5ን ወደ 2፣ 3.5ን ወደ 4 ነው የሚያጠጋጋው። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የለመድነው 2.5ን ወደ 3 ማድረግ ነው። የትኛው ይሁን የሚለውን ደግሞ እናንተ አትወስኑም። ወረቀቱን ይዛችሁ ሒሳብ ክፍል ሂዱና «እትዬ፣ የቱን ነው የምታጸድቁት?» በሉ። የተባላችሁትን ከነቀኑ ጻፉትና እዚያው ሞጁሉ ራስጌ ላይ አስፍሩት።