ስክራበር፦ ጭስን በውሃ የሚያጥበው መሣሪያ፣ ጥገናውና የብልሽቱ ምልክቶች

ስክራበር የፋብሪካ ጭስ ወደ ጭስ ማውጫው ከመድረሱ በፊት በውሃ ወይም በኬሚካል ፈሳሽ የሚያጥብ መሣሪያ ነው። አቧራውን ይይዛል። እንደ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ክሎራይድ ያሉ ጋዞችን ደግሞ ፈሳሹ ውስጥ አሟሙቶ ያስቀራል። ስለ እሱ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንደልብ አይገኝም፤ ያሉት የአምራች ማኑዋሎችም ስለ ዲዛይኑ ገጽ በገጽ አውርተው ጥገናው ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ይህ ዳሰሳ ሆን ብሎ ወደ ጥገናው ያደላል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአሲድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በለብላንክ ዘዴ ሶዳ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዛቸውን እንዲሁ ወደ አየር ይለቁት ነበር። በዙሪያቸው ያለው ዛፍና ሰብል ይደርቃል። ዊሊያም ጎሴጅ የሚባል የሶዳ አምራች በ1836 እ.ኤ.አ. ሥራ ያቆመ የነፋስ ወፍጮ ውስጥ ጭራሮና ቁጥቋጦ ሞልቶ፣ ከላይ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ጋዙን በዚያ አሳለፈው። ሠራ! ዛሬ ፓክድ ታወር የምንለው ይኸው ነው፤ ጭራሮው በፕላስቲክ ተተካ እንጂ ሐሳቡ አልተለወጠም። በ1863 የወጣው የአልካሊ ሕግ ፋብሪካዎቹ ቢያንስ 95 በመቶ የሚሆነውን ጋዝ እንዲይዙ አስገደደ። የመጀመሪያው ዋና ተቆጣጣሪ ኬሚስቱ ሮበርት አንገስ ስሚዝ ነበር። በ1930ዎቹ የለንደኑ ባተርሲ የኃይል ማመንጫ የከሰል ጭሱን በቴምዝ ወንዝ ውሃ ማጠብ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የአየር ብክለት ሕጎች ሲጠብቁ መሣሪያው በየኢንዱስትሪው ተዳረሰ።

የቅርቡ ምዕራፍ የመርከብ ነው። ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የመርከብ ነዳጅ የሰልፈር ጣሪያ ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ወረደ፤ ስክራበር የገጠመ መርከብ ግን በከባዱ ነዳጅ መቀጠል ይችላል። ያጠበበትን ውሃ መልሶ ባሕር ላይ የሚደፋው ዓይነት እስካሁን ያከራክራል። ባለመርከቦቹ ጉዳቱ ኢምንት ነው ይላሉ፣ በርካታ ወደቦች ደግሞ ከልክለውታል። ማን ልክ እንደሆነ እዚህ አይፈረድም። ብክለትን ከአየር ወደ ውሃ ማዛወር ግን ማጽዳት ነው ለማለት ትንሽ ይከብዳል።

ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም በብዛት የሚገኙት ሦስት ናቸው። ስፕሬይ ታወር ፈሳሹን በኖዝል (በመርጫ አፍ) ብቻ የሚረጭ ነው። ፓክድ ታወር ለጋዝ ይመረጣል። ቬንቱሪ ደግሞ ለደቃቅ አቧራ ነው፤ ጭሱን በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ60 እስከ 120 ሜትር ፍጥነት አስገብቶ ውሃውን ይበታትነዋል። ለዚህም ነው ፋኑ (ጭሱን የሚያንቀሳቅሰው ማራገቢያ) ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላው።

አሁን ወደ ጥገናው። ስክራበር ሲታመም ይናገራል፣ ችግሩ አንድ ጌጅ (መለኪያ) ብቻ አይቶ መፍረድ ነው። የኖዝል ግፊት ጨምሮ ፍሰቱ ከቀነሰ ኖዝል ተደፍኗል። ግፊቱ ወርዶ ፍሰቱ ከጨመረ ወይ ኖዝሉ ተበልቷል ወይ ከነጭራሹ ወልቆ ወድቋል። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ኖዝሉን ተወውና ወደ ፓምፑ ሂድ፦ የመሳቢያው ወንፊት፣ የታንኩ ውሃ መጠን፣ የላላ ቺንጋ፣ ያለቀ ኢምፔለር (የፓምፑ ተሽከርካሪ ክንፍ)። ይህን ሦስት መስመር በቃሉ የያዘ የሺፍት ኦፕሬተር ከብዙ ውድ ሶፍትዌር ይበልጣል።

ጭሱ በሚገባበትና በሚወጣበት መካከል ያለው የግፊት ልዩነትም እንደዚያው ነው። ፓክድ ታወር ላይ ቀስ በቀስ እየጨመረ ከሄደ ፓኪንጉ (ታወሩ ውስጥ የተሞላው ፕላስቲክ) በቆሻሻ ወይም በጨው እየተሞላ ነው። በድንገት ከዘለለ ውሃው መውረድ አቅቶት ታወሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። መቀነሱ ደግሞ ብዙ ሰው ያስደስታል፤ ማስደሰት የለበትም። ፓኪንጉ ተደርምሶ ወይም ውሃው በአንድ ወገን ብቻ እየወረደ ጭሱ ሳይታጠብ በደረቁ በኩል እያለፈ ይሆናል። ግን ይህን ሁሉ ከማለትህ በፊት ወደ ጌጁ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ንቀል። ውስጡ ውሃ ከቆመ ወይም ጫፉ ላይ ጭቃ ከደረቀ የምታነበው ቁጥር ውሸት ነው። ቱቦውን ንፋው፣ ጌጁ ዜሮ ላይ መመለሱን እይ፣ ከዚያ መልሰህ ግጠም። ጤነኛ ታወር በዚህ ምክንያት ብቻ ተከፍቶ ይታጠባል፣ የአንድ ቀን ምርት ይቃጠላል።

ፒኤች (የፈሳሹ የአሲድነት መለኪያ) ላይ ደግሞ አሲድን ስለሚያከሽፈው ኮስቲክ ሶዳ "ኮስቲክ ሲበዛ ይሻላል" የሚባል የተለመደ ስህተት አለ። አይሻልም። እንደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያለ ጋዝ በእርግጥ ከፍ ያለ ፒኤች ይፈልጋል፤ ያለዚያ ግን ትርፉ ኮስቲክ ከጭሱ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ በከንቱ ያልቃል፣ ውሃው ካልሲየም ካለበት ደግሞ ካርቦኔቱ ኖዝልና ፓኪንግ ላይ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። በኖራ ድንጋይ ሰልፈር የሚይዙት ትልልቆቹ የሚሠሩት በአብዛኛው በፒኤች 5 እና 6 መካከል ነው። እነሱ ላይ ዋናው ጠላት የጂፕሰም (የካልሲየም ሰልፌት) ቅርፊት ነው። ከተያዘው ሰልፋይት ወደ ሰልፌት የሚቀየረው ከ15 በመቶ በታች ከሆነ ቅርፊቱ ብዙ አያስቸግርም። አየር ተነፍቶበት ከ95 በመቶ በላይ ከሆነም ጂፕሰሙ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ፈሳሹ ውስጥ ባሉት ደቃቅ ክሪስታሎች ላይ ያድጋል። የሚያስለቅሰው መሃሉ ነው። ስለዚህ ቅርፊት ሲበዛ አየር የሚነፋውን መሣሪያ ማየት አሲድ ከመግዛት ይቀድማል።

የፒኤች ሴንሰሩ ራሱ ቶሎ ቆሻሻ ይለብሳል። ንባቡ ለሰዓታት ፍንክች ካላለ ጥሩ ዜና አይደለም፤ አውጥተህ እጠበውና በ4 እና በ7 መለኪያ ፈሳሽ ፈትሸው። 50 በመቶው ኮስቲክ ደግሞ ወደ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቀዘቅዝ ቧንቧ ውስጥ መርጋት ይጀምራል። ብርድ ባለበት ቦታ ሌሊት ፒኤች ወርዶ ኮስቲክ የሚጨምረው ዶዚንግ ፓምፑ "እየሠራ" ከሆነ መጀመሪያ መስመሩን በእጅ ሳይሆን በቴርሞሜትር ፈትሽ።

ስለ ዝገት በአጭሩ፦ ክሎራይድ በተጠራቀመበት ፈሳሽ 316 ስቴንለስ ስቲል እንኳን ይበሳል፣ በተለይ ቆሻሻ በተጋገረበት ስር። ለዚህ ነው ከፈሳሹ የተወሰነውን በየጊዜው ማስወገድ የግድ የሚሆነው። ፋይበርግላስ ከዝገት ይተርፋል፣ ሙቀት ግን አይችልም። የማቀዝቀዣው ውሃ ተቋርጦ ትኩስ ጭስ ከገባ የፖሊፕሮፒሊን ፓኪንግ ቀልጦ አንድ ጉብታ ይሆናል። ይህን የሚከላከለውን የሙቀት መቁረጫ "እያስቸገረን ነው" ብሎ ባይፓስ ማድረግ ይቅርታ የሌለው ጥፋት ነው።

ከጭስ ማውጫው ጠብታ የሚዘንብ ከሆነ ጠብታ ያዡን ዴሚስተር እይ፤ ወይ ተደፍኗል ወይ ጭሱ ከአቅሙ በላይ ይፈጥናል። ነጭ እንፋሎት ግን በራሱ ብልሽት አይደለም። ትንሽ ርቆ የሚጠፋው ውሃ ነው። እንፋሎቱ ጠፍቶም ሰማያዊ መሳይ ጭጋግ ከቀረ የአሲድ ጤዛ ወይም ደቃቅ አቧራ እያመለጠ ነው።

ለማጽዳት ሲከፈት በቅድሚያ ኦክስጅንና ጋዝ ይለካል፣ ፋንና ፓምፑ ይቆለፋሉ፣ ውጭ የሚጠብቅ ሰው ይቆማል። ሃይፖክሎራይት (በረኪና) የሚጠቀም ታወር ሳይታጠብ አሲድ አይገባበትም፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ታጥቦ ሲነሳ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን የግፊት ልዩነት፣ ፍሰት፣ የኖዝል ግፊትና የፋኑ አምፔር ሎግ ቡክ ላይ ይጻፉ። ከወራት በኋላ "ጨምሯል" ወይም "ቀንሷል" የሚባለው ከእነዚህ ቁጥሮች አንጻር ነው።