«እንደዋወላለን» ከማለታችን በፊት

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንዲት እህት ጋር ማኪያቶ ጠጣን። የመጀመሪያ ቀጠሯችን ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል አወራን። መልካም ሰው ናት፤ ግን እንደማይሆንልን ልቤ አውቆታል። ሂሳብ ከፈልኩ፣ ራይድ ጠራሁላት፣ የመኪናውን በር ስዘጋላት «እንደዋወላለን» አልኳት። አልደወልኩም። ከወር በኋላ ከጉባኤ ስንወጣ አገኘችኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አሞህ ነበር እንዴ?» ብላ ነው። ለካ ስትጸልይልኝ ከርማለች። የዚያን ቀን እፍረቴን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ይሉኝታ ነው እንዲህ የሚያደርገን። ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ክፋት ይመስለናል፤ ስለዚህ የማንፈጽመውን ቃል ሰጥተን እንለያያለን። ጌታ ስለ መሐላ ሲያስተምር «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ብሏል (ማቴ. 5፥37)። ይህ ቃል ካፌ ደጃፍ ላይም ይሠራል።

ይህን ሳስብ ሩት ምዕራፍ 3 ትዝ ይለኛል። ባሏ የሞተባት ሩት ወደ ባሏ ዘመድ ወደ ቦዔዝ አውድማ ሄደች። በአውድማው ላይ የሆነው የዛሬው ዓይነት ቀጠሮ አይደለም፤ የመቤዠት ጥያቄ ነው፤ ማለትም የቅርብ ዘመድ እንደመሆኑ እንዲያገባት ጠየቀችው። እኔን የሚገርመኝ ግን የቦዔዝ አሸኛኘት ነው። መጀመሪያ አከበራት፤ ምግባረ መልካም መሆኗን አገሩ ሁሉ እንደሚያውቅ ነገራት። እውነቱንም አልደበቃትም፤ ከእሱ የሚቀርብ ሌላ ዘመድ እንዳለ ገለጸላት። ልብ በሉ፣ ሊቤዣት ፈቃደኛ ሆኖ ሳለ ነው ይህን የሚነግራት። ስሟ በሰው አፍ እንዳይገባ ፊት በማይለይበት ማለዳ ሸኛት። ባዶ እጇን ወደ አማቷ እንዳትመለስም ስድስት መስፈሪያ ገብስ በኩታዋ ሰፈረላት።

እኛስ? ፊት ለፊት መናገር ከከበደን በማግስቱ አጭር መልእክት ይበቃል። «ስለ ጊዜሽ አመሰግናለሁ። ጨዋታሽ ደስ ይላል። ወደ ትዳር የሚወስድ ነገር ግን በልቤ አላገኘሁም፤ እንዳትጠብቂኝ ብዬ ነው።» ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። መልኳን፣ ሥራዋን፣ ቤተሰቧን አታንሱ። ለጓደኞቻችሁም አታውሩት። እህቶችም እንዲሁ፤ ስልክ አለማንሳት መልስ አይደለም።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። «ጸለይኩበት፣ ጌታ አልፈቀደም» እንላለን፤ አንዳንዴ ከቀጠሮው ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ። በእውነት ጸልየን ከሆነ መልካም። ካልጸለይን ግን የአምላካችንን ስም በከንቱ ጠርተናል (ዘፀ. 20፥7)። ደግሞስ ያ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? እኛ አልተመቸን ብለን ሳለ፣ እግዚአብሔር የናቀው መስሎት ቤቱ ይገባል። ያልፈለግነው እኛ ከሆንን በራሳችን ስም እንናገረው።

መልሱ የሚደርሳችሁ ደግሞ አትለማመጡ፤ «ስለ ነገርከኝ ተባረክ» በሉና ሂዱ። ቢያምም፣ እውነት የነገረ ሰው አክብሯችኋል።

ሩት ቤቷ ስትደርስ አማቷ ኑኃሚን አረጋግታ አስቀመጠቻት፤ ያ ሰው ነገሩን ዛሬ ሳይጨርስ አያርፍም አለቻት። እውነቷን ነበር፤ ቦዔዝ ወደ ከተማዋ በር ወጥቶ ጉዳዩን ጨረሰ። እኔ ያቺን እህት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። እናንተም መልሳችሁን የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ ሳትተኙ ጻፉለት።