ስቶማ ውሃ አይፈራም፦ ስለ ገላ መታጠብና ስለ ዋና የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሆዴ ላይ ስቶማ ይዤ ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ገላዬን የታጠብኩት በእርጥብ ፎጣ ነው። አንገት፣ ብብት፣ እግር፣ በቃ። ሆዴ ጋ ስደርስ ዞሬ አልፋለሁ። ሀኪም አልከለከለኝም። የከለከለኝ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱን ከየት እንዳመጣሁትም አውቃለሁ፤ "እኔ የሰማሁት ግን..." ብሎ ከሚጀምር የጠያቂ ወሬ ነው።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ስቶማ ማለት በቀዶ ሕክምና የአንጀት ጫፍ በሆድ ላይ ወደ ውጭ ወጥቶ ከቆዳ ጋር የሚሰፋበት መውጫ ነው። ከትልቁ አንጀት ከሆነ ኮሎስቶሚ፣ ከትንሹ አንጀት ከሆነ ኢሊዮስቶሚ ይባላል። ሽንት የሚወጣበት ደግሞ ዩሮስቶሚ ነው። የሚወጣው ነገር ሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ብዙዎቻችን "ባግ" እንለዋለን። የኔ ኢሊዮስቶሚ ነው።

እየቆየ የገባኝ ነገር ቢኖር የምንጠብቀው የተሳሳተውን ነገር መሆኑ ነው። ስቶማውን ከውሃ ለማዳን እንጨነቃለን። ስቶማው ግን ውሃ ምንም አያደርገውም። ጥበቃ የሚፈልጉት ማጣበቂያውና በዙሪያው ያለው ቆዳ ናቸው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህች መደናገር ነው።

"ውሃው በስቶማው በኩል ሆድ ውስጥ ይገባል"

አይገባም። አንጀት ሥራው ወደ ውጭ መግፋት ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይገፋል። ሻወር ስር ስትቆሙም ሆነ ገንዳ ውስጥ ስትቀመጡ ውሃው ተመልሶ ወደ ውስጥ አይፈስም። ደግሞም ስቶማ ቁስል አይደለም። ቀይና እርጥብ ስለሆነ ቁስል ይመስላል እንጂ የከንፈራችሁ ውስጠኛ ክፍል ዓይነት ነገር ነው። አፋችሁ ውስጥ ውሃ ሲገባ ምን ትሆናላችሁ? ምንም።

ይህን በጆሮዬ ሰምቼው ነበር፤ ግን አላመንኩም። አንድ ቀን የስቶማ ነርሷ "ዛሬ ከረጢቱን አውልቀው ሻወር ውስጥ ይግቡ" አለችኝ። ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። በኋላ ቀስ ብዬ ዞርኩ። ውሃው ደረቴ ላይ ወርዶ፣ በሆዴ አልፎ፣ ስቶማው ላይ ፈሰሰ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ትንሽ ሰብሰብ አለ፣ መልሶ ዘርጋ አለ። በቃ ይኸው ነው። አንድም ነገር አልተሰማኝም። አለቀስኩ፤ ሳምንታት ሙሉ ስንት ነገር አስቤ ነበር።

ምንም ያልተሰማኝ ስቶማው ላይ የሕመም ነርቭ ስለሌለ ነው። ይህ ግን ጥንቃቄም ይጠይቃል። ውሃው ቢያቃጥለው አይነግራችሁም። ስለዚህ ሙቀቱን ቀድማችሁ በእጃችሁ ለኩ። የሻወሩ ግፊት ኃይለኛ ከሆነም በቀጥታ ስቶማው ላይ አታነጣጥሩት።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስቶማ የሚለው ቃል አንገት ላይ ለመተንፈሻ ለሚከፈት ቀዳዳም ያገለግላል። እዚያ የገባ ውሃ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ሳንባ ነው፤ ሊገድል ይችላል። እዚህ የምጽፈው ሁሉ ስለ ሆድ ስቶማ ብቻ ነው።

"ከረጢቱ ሲታጠቡ ሁልጊዜ መኖር አለበት"

ሌላው ደግሞ "ሁልጊዜ መውለቅ አለበት" ይላችኋል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። እንደፈለጋችሁ ነው። እኔ ከረጢት በምቀይርበት ቀን አውልቄ እታጠባለሁ፤ በሌላው ቀን እንዳለ እገባለሁ። ለብ ያለ ውሃ ማጣበቂያውን ስለሚያላላው እዚያው ሻወር ስር ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ቆዳም አይላጥም።

ሳወልቅ ቢወጣስ? ሊወጣ ይችላል። ኢሊዮስቶሚ ብዙ ጊዜ ጠዋት ምግብ ሳይቀመስ ጸጥ ይላል፤ የኔ ሰዓት እሱ ነው። ኮሎስቶሚ ያለው ሰው ሆዱ መቼ መቼ እንደሚሠራ እያደር ይለምደዋል። ዩሮስቶሚ ግን እረፍት የለውም፤ ሽንቱ ሳያቋርጥ ይንጠባጠባል፣ ከሻወሩ ውሃ ጋር አብሮ ይሄዳል። በዚህ ማፈር የለም።

"ስቶማው በሳሙና፣ በአልኮል በደንብ መታሸት አለበት"

ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ሳሙና ስቶማውን አይመርዘውም። ችግሩ የሳሙና ቅሪት ነው። በተለይ ቅባት ወይም ሽቶ የበዛበት ሳሙና ቆዳው ላይ ስስ ነገር ትቶ ይሄዳል። አዲሱ ከረጢት ያን ጊዜ አልይዝ ይላል። እኛም "ማጣበቂያው የማይረባ ነው" እንላለን። አልኮልና የሕፃናት እርጥብ ሶፍት ደግሞ ቆዳውን ያደርቁታል፣ ያስቆጡታል ወይም ቅባት ይተዉበታል።

ስታጥቡት ጠብታ ደም ብታዩ አትደንግጡ። የደም ሥሮቹ ላይ ላዩን ስለሆኑ ትንሽ ሲነኩ ይደማሉ፤ ወዲያው ይቆማል። ካልቆመ ወይም ደሙ የሚመጣው ከውስጥ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

"ውሃ ውስጥ ስገባ ከረጢቱ ይወልቃል"

ይህ የሁላችንም ቅዠት ነው። መዋኛ ገንዳ መሃል፣ ሰው በተሰበሰበበት። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው።

ከረጢቶቹ የተሠሩት ውሃ እንዲችሉ ተደርገው ነው። በደረቅና ንጹሕ ቆዳ ላይ በደንብ የተለጠፈ ከረጢት በተለመደ ዋና አይወልቅም። ይህን በቃል ብነግራችሁ ግን አታምኑኝም፤ እኔም አላመንኩም ነበር። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሞክሩት። እኔ ባኞ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልቼ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። ወደ ጎን ተጠማዘዝኩ፣ እግሬን አጥፌ ዘረጋሁ፣ ጎንበስ ቀና አልኩ። ስወጣ የማጣበቂያው ጠርዝ ነጭ ሆኖ ትንሽ አብጦ ነበር። "አለቀልኝ" አልኩ። በኋላ ነው የተረዳሁት፤ ማጣበቂያው ውሃ ሲመጥ ነጭ ይሆናል፣ ይህ ማፍሰስ አይደለም። መሃሉ ደረቅ ነበር፤ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ከዚያ ቀን በኋላ ገንዳን የማየው በሌላ ዓይን ነው።

የሚያስወልቀው ብዙ ጊዜ ዝግጅት ማነስ ነው። ከረጢቱን ቀይራችሁ ወዲያው አትግቡ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጡት፣ ማታ ቀይራችሁ ጠዋት ብትዋኙ ደግሞ የተሻለ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ባዶ አድርጉት፤ የሞላ ከረጢት ይጎትታል። ከረጢቱና ማጣበቂያው የሚነጣጠሉበት ባለ ሁለት ክፍል ከሆነ መጋጠሚያ ቀለበቱን በጣታችሁ ዙሪያውን ተጫኑና ትንሽ ሳብ አድርጋችሁ አረጋግጡ። የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ሎሽን ከማጣበቂያው አካባቢ ይራቁ። ጠርዙ የሚያሳስባችሁ ከሆነ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቆረጡ ተጨማሪ ማጣበቂያዎች አሉ፤ ዙሪያውን ይይዛሉ። ሆዳችሁን በፕላስቲክ መጠቅለል ግን አያስፈልግም። ላብ ያፍናል፣ ያላላል።

ሙቅ ውሃ ሌላ ጉዳይ ነው። በጣም የሞቀ ገንዳ፣ ሳውናና እንፋሎት ማጣበቂያውን ያቀልጡታል። አይከለከልም፤ ጊዜውን ማሳጠርና ከረጢቱን ከተለመደው ቀደም ብሎ መቀየር ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ስለሚጥላት ትንሽ ነገር። የከረጢት ሳጥን ስትከፍቱ ትንንሽ ተለጣፊዎች ያሉበት ወረቀት ታገኛላችሁ። እኔ ለወራት ከካርቶኑ ጋር ስጥላቸው ኖሬአለሁ። ለምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? ብዙ ከረጢቶች ላይ ጋዝ የሚወጣባት የከሰል ፊልተር አለች። ፊልተሯ ከራሰች አትሠራም፤ ጋዝ ይታፈንና ከረጢቱ እንደ ፊኛ ይነፋል። ተለጣፊዋ ውሃ ውስጥ ከመግባት በፊት ፊልተሯን ለመሸፈን ናት። ስትወጡ ማንሳት አትርሱ፤ ካልተነሳች ያው መነፋት ይመጣል።

"ክሎሪን ወይም የባሕር ጨው ስቶማውን ያቃጥለዋል"

የመዋኛ ገንዳ ክሎሪንም የባሕር ውሃም ስቶማውን አይጎዱም። ለነገሩ ስትዋኙ ከረጢት ስለምታደርጉ አይደርሱበትም።

"ገንዳውን ትበክላላችሁ"

ይህችን ስሰማ ሆዴ ይቆስላል። አንዳንዴ የሚናገራት ሌላ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ለራሳችን የምንነግራት እኛው ነን። በደንብ የተለጠፈ ከረጢት የታሸገ ነው። ውስጡ ያለው ወደ ውሃው አይወጣም፣ ውሃውም ወደ ውስጥ አይገባም። ሽታም አያልፍም። ተቅማጥ የያዘው ሰው ገንዳ አይገባም፤ ያ ለማንም የሚሠራ ደንብ ነው። ለእኛ የሚጨመረው ከረጢቱን ሳናወልቅ መግባት ብቻ ነው። ኮሎስቶሚ ኖሯቸው አንጀታቸውን በስቶማው በኩል በውሃ የሚያጥቡ ሰዎች ካጠቡ በኋላ ለሰዓታት ምንም ስለማይወጣቸው ትንሽ ከረጢት ወይም ክዳን መሳይ መሸፈኛ ብቻ አድርገው ይዋኛሉ።

ለገንዳው ሠራተኛ መንገር ግዴታ ነው ብላችሁ አትጨነቁ። የጤናችሁ ጉዳይ የእናንተ ነው።

"ሁሉም ሰው ያየዋል"

ስስና አንድ ቀለም የሆነ ልብስ ሲረጥብ ቅርጹን ሊያሳይ ይችላል። ጠቆር ያለ፣ አበባ ወይም መስመር ያለበት፣ ሆድ ላይ እጥፋት ያለው የዋና ልብስ ግን ይደብቀዋል። ለወንድ ወገቡ ከፍ ያለ ቁምጣ ወይም ለዋና የሚሠራ ጥብቅ ካናቴራ ይሆናል። ልዩ ልብስ ካልገዛሁ አልዋኝም ማለት አያስፈልግም። ማሳየት የሚፈልግም ያሳይ፤ እኔ እስካሁን አልደፈርኩም፣ የደፈሩትን ግን አደንቃለሁ።

ስለዚህ ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤሊሰ ሶረንሰን የተባለች ዴንማርካዊት ነርስ ነበረች። እህቷ ስቶማ ከተሠራላት በኋላ ሰው ፊት ያፈሳል ብላ ከቤት መውጣት ፈራች። ነርሷ እህቷን አይታ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ አንዴ አገልግሎ የሚጣል ከረጢት አሰበች። ዛሬ ሆዳችን ላይ ያለው የዚያ ሐሳብ ዝርያ ነው። የተፈጠረው አንዲት ሴት ከቤት እንድትወጣ ነው። እኔ በሱ ሰበብ ቤት ስቀመጥ ነበር።

"ቀዶ ሕክምና ያየ ሆድ ከእንግዲህ አይዋኝም"

መጀመሪያ ቁስሉ ይዳን። ሻወር ቶሎ ሊፈቀድ ይችላል፤ ገንዳ ውስጥ መነከር ግን የቀዶ ሕክምናው ስፌት ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ይቆያል፣ ብዙ ጊዜ ሳምንታት። ቀኑን የሚቆርጠው ቀዶ ሐኪማችሁ ነው። ከዚያ በኋላ ዋና ለሆድ ረጋ ያለ እንቅስቃሴ ነው። በስቶማው ዙሪያ ሄርኒያ (አንጀት በላላ የሆድ ጡንቻ በኩል ገፍቶ የሚፈጥረው እብጠት) ካለባችሁ ስለ ደጋፊ ቀበቶ ነርሷን ጠይቁ። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ጠልቆ መዋኘት የሚፈልግ ግን ከሐኪም ጋር ይማከር፤ ወደ ላይ ሲወጣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል።

"ውሃ ውስጥ ስለሆንኩ ውሃ አይጠማኝም"

ኢሊዮስቶሚ ያላችሁ ይህን በደንብ ስሙኝ። ከትንሹ አንጀት የተረፈውን ውሃና ጨው መልሶ የሚመጠው ትልቁ አንጀት ነው፤ እኛ ደግሞ እሱን አልፈን ነው የምናስወጣው። ፀሐይ ላይ ስትዋኙ ሳታውቁት ላብ ይወጣችኋል። ታዲያ ዝም ብሎ ንጹሕ ውሃ ብቻ ደጋግሞ መጋት መፍትሔ አይመስልም፤ ከረጢቱን ይሞላል፣ ጨውም ይዞ ይወጣል። ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) በጥብጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሽንታችሁ ከጠቆረና ከቀነሰ፣ ራስ ምታትና ማዞር ከመጣ፣ ውጡና ጠጡ፤ ካልተሻላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። የኩላሊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ምን ያህል መጠጣት እንዳለበት ቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

"ከውሃው ከወጣሁ አለቀ"

አላለቀም፤ ቆዳን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ይህ ሰዓት ነው። ከረጢቱን የሚሸፍነው ጨርቅ እርጥብ ሆኖ ሆድ ላይ ከቆየ ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ፈንገስም ያበቅላል። በፎጣ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ አድርቁት፤ አትፈትጉት። የፀጉር ማድረቂያ ካለ በቀዝቃዛው አየር ብቻ። ጠርዙ ከተነሳ ወይም ከስሩ ካሳከከ በላዩ ፕላስተር አትደርቡ፤ ቀይሩት። ለዚህ ብዬ ከፎጣዬ ጋር ሁልጊዜ ትንሽ ቦርሳ እይዛለሁ፦ አንድ ከረጢት፣ ጥቂት ሶፍት፣ የቆሻሻ ላስቲክና ሙታንታ። እስካሁን ገንዳ ዳር የከፈትኳት አንዴ ብቻ ነው፤ ያኔም ያወጣሁት ሶፍቱን ነበር፣ ለሌላ ሰው ልጅ አፍንጫ።