የዛፍ ዘርና ፍሪጅ፦ ጎንደር ላይ ደጋግሜ የምሰማቸው ስሕተቶች

አዘዞ አካባቢ ችግኝ አፈላለሁ። ዘር የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ «ፍሪጅ ውስጥ ከርሞ ነው አይደል የሚበቅለው?» ይለኛል። ነገሩ መነሻ አለው፤ ነገር ግን ዘር ሲበላሽ ስለማይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ማንኛውም የዛፍ ዘር ቅዝቃዜ ይፈልጋል።»
አይፈልግም። የሚፈልጉት እንደ ፖም፣ ኮክና ፕሪም ያሉት፣ ብርዱ ለወራት ከሚዘልቅበት አገር የመጡት ናቸው። እዚያ ዘሩ እንደወደቀ ቢበቅል ውርጭ ይፈጀዋል፤ ስለዚህ ተኝቶ ይቆያል። የሚያስተኛው አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ነው። ዘሩ እርጥብ ሆኖ ብርድ ሲሰነብትበት ይህ እየቀነሰ፣ የሚያበቅለው ሌላ ሆርሞን፣ ጂበረሊን፣ ያይላል።

የኛ ግራር ችግሩ ሌላ ነው፤ ቆዳው ውሃ አያስገባም። ውሃ አፍልቶ ከእሳት ማውረድ፣ ዘሩን ጨምሮ እዚያው ማሳደር ነው። ጠዋት ያበጠው ይዘራል፣ ያላበጠው ይደገማል። ዋንዛ ደግሞ ሥጋው ታጥቦ ቢዘራ ይበቅላል።

«ደረቅ ዘር ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ወር ከቆየ በቂ ነው።»
ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ደረቅ ዘር ብርድ ቢያገኝ ዕድሜው ይረዝም ይሆናል እንጂ ከእንቅልፉ አይነቃም። መጀመሪያ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ይደር። ከዚያ ከእርጥብ አሸዋ ጋር ይቀላቀል፤ አሸዋው በእጅ ሲጨመቅ ውሃ ማንጠባጠብ የለበትም። ፌስታል ውስጥ አድርጎ፣ አየር እንዲያገኝ ላላ አድርጎ አስሮ፣ ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ማቆየት ነው። ፖም ከ2 እስከ 3 ወር፣ ኮክ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋል።

ታኅሣሥ ያስገባሁትን ኮክ መጋቢት ላይ ስፈታው ድንጋይ የመሰለው ቅርፊት በስፌቱ ተሰንጥቆ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ሥር ብቅ ብላ አገኘኋት። እንዲህ ያለው በዚያው ቀን ይተከላል። ጫፏ ከተሰበረ ችግኙ ይጎዳል፤ ስለዚህ በጣት አትጫኗት።

«ፍሬዘር ይሻላል።»
ውሃ የጠጣ ዘር ፍሬዘር ውስጥ ሲገባ ውስጡ በረዶ ይሆንና ይሞታል።

«የጎንደር ሌሊት ብርድ ይበቃል።»
ከተማችን 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳር ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ይሞቃል፤ ሙቀት ሲደጋገም ደግሞ ቅዝቃዜው የሠራውን ያፈርሳል። እንኳን ጎንደር፣ ደባርቅም ውርጩ የሌሊት ነው። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ ግን አትደንግጡ፤ ፍሪጁን አለመክፈት ብቻ ነው።

«ከጥሩ ፖም ዘር ያው ፖም ይገኛል።»
አይገኝም። ከዘር የበቀለ ፖም እናቱን አይመስልም፤ ዝርያውን ጠብቆ ለማፍራት ግራፍት መደረግ፣ ማለትም ቅርንጫፉ ሌላ ሥር ላይ መቀጠል አለበት። ቢሆንም ከፍሪጅ ያወጣችሁትን ችግኝ አትንቀሉት፤ እርሳስ ሲያክል ጥሩ የፖም ቅርንጫፍ የሚቀጠልበት ሥር ይሆናችኋል።