«ካውንስሊንግ ቢሮ የሚገባው ያበደ ነው» እና ሌሎች የግቢ ወሬዎች

በየዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር አለ። ብዙ ተማሪ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያንኳኳው ይመረቃል። የባለሙያ እጥረት አለ፣ እውነት ነው። ከእጥረቱ ባላነሰ የሚጎዳን ግን ተማሪውም አመራሩም አምኖ የተቀበለው የተሳሳተ ወሬ ነው።

«እዚያ የሚሄደው ጨርቁን የጣለ ነው»

አይደለም። ጭንቀትና ድባቴ (ዲፕሬሽን) ብዙ ጊዜ የሚመጡት በሰውነት በኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ እኛም አገር በጥናት ላይ በብዛት የሚሠራበት ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ አለ። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ነው። ራስህን ቶሎ ቶሎ ያምሃል? የምግብ ፍላጎትህ ቀንሷል? እንቅልፍ እምቢ ብሎሃል? ሆድህስ? ከ20ዎቹ አንዱም «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማሃል ወይ» አይልም። ለጨጓራ መድኃኒት ክሊኒክ የሚመላለስ ልጅ እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቀው ሰው ቢያገኝ ብዙ ነገር ሊታወቅለት ይችላል።

«ጎበዝ ተማሪ ምን ይሆናል?»

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ፈተናው ከጠበቀ ወዲህ ግቢ የሚገባው ልጅ የቤተሰቡን፣ አንዳንዴም የወረዳውን ተስፋ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ምደባው ከቤቱ ያርቀዋል፣ ቋንቋውንም ወደማያውቀው ከተማ ሊወስደው ይችላል። የመጀመሪያው ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ሲበላሽ ለማን ይንገር? ቤት ደውሎ «ሁሉ ሰላም ነው» ይላል። ጎበዙ ልጅ የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው፤ ማንም አይጠይቀውም።

«የነገርኩት ሁሉ ዲን ጆሮ ይገባል»

ይህን ፍርሃት ተማሪው ከባዶ አልፈጠረውም። የማውቀው አንድ ግቢ የምክር ቢሮው ከዲሲፕሊን ኮሚቴው ጎን ነበር። ተማሪው ኮሪደር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ይጠብቃል። የክፍል ተጠሪው ወረቀት ሊያስፈርም ሲያልፍ ያየውና «ምን ሆነህ ነው?» ይለዋል። «ለመታወቂያ» ይልና ተነስቶ ይሄዳል። ሁለተኛ አይመለስም።

ትክክለኛው አሠራር ግን ግልጽ ነው። ለካውንስለር የተነገረ ነገር እዚያው ይቀራል። ልዩ የሚሆነው የተማሪው ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ነው፤ ያም ቢሆን ለሚመለከተው ሰው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይነገራል። ይህ ለተማሪው በመጀመሪያው ቀን፣ ምንም ከመናገሩ በፊት ሊነገረው ይገባል። ማስታወሻው ከሬጅስትራር (የተማሪ መዝገብ ክፍል) ፋይል ጋር አይቀላቀልም፣ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ዲኑ ሪፖርት ከፈለገ በወር ስንት ተማሪ እንደመጣ ይነገረዋል፤ ስም ግን አይሰጠውም። አገልግሎቱን የምትመሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ሌላውን ዕቅድ ከመጻፋችሁ በፊት በሩ የት እንዳለ ሄዳችሁ እዩ። ክሊኒኩ ውስጥ ቢሆን ይሻላል። ክሊኒክ የገባን ሰው ማንም ለምን ገባህ አይለውም።

«ሳይካትሪስት ሳይኖረን ምን እንሠራለን?»

ብዙ ትሠራላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው የአእምሮ ጤና ክፍተት መሙያ ፕሮግራም ዋና ሐሳቡ ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ነው። ኢትዮጵያም ተግባራዊ ካደረጉት አገሮች አንዷ ናት። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ «ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ» የሚባል መመሪያ አወጣ። ድጋፉን የሚሰጠው ስፔሻሊስት ያልሆነ፣ ግን የሠለጠነና ክትትል የሚደረግለት ሰው ነው። ከተጨነቀው ሰው ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው አምስት ጊዜ ይገናኛሉ። ቀስ ብሎ መተንፈስን ይለማመዳሉ፣ ሊፈታ የሚችለውን ችግር ይለያሉ፣ የተተወውን ሥራ በትንሽ በትንሹ ይጀምራሉ፣ ሊደግፍ የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። «አይዞህ፣ በርታ» ብሎ ከመሸኘት በጣም ይለያል።

ፕሮክተሩንም፣ የተማሪዎች መኝታ ሕንፃ ተቆጣጣሪውን፣ አትርሱት። ማን ሦስት ቀን ከአልጋ እንዳልወረደ፣ ማን ካፌ መሄድ እንዳቆመ ከዲኑ በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። አማካሪ ሁን አይባልም። ምን ምልክት እንደሚያይና ለማን እንደሚደውል ይወቅ፣ ማታ የሚነሳ ስልክ ይኑረው። ሕመሙ ሲከብድ ወደየትኛው ሆስፒታል እንደሚላክ፣ በማን መኪና፣ ማን አብሮት እንደሚሄድ አስቀድሞ ተጽፎ ይቀመጥ።

«ስለ ራስ ማጥፋት ብትጠይቀው ሐሳቡን ትሰጠዋለህ»

ሐሳቡን አትሰጠውም። በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙዎች ሲጠየቁ ይቀላቸዋል። «ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በሉት። አዎ ካለ አትቆጡት፣ ብቻውንም አትተዉት። ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁና አብራችሁት ወደ ክሊኒክ ሂዱ። «ለማንም አትንገር» ቢላችሁም ይህ ብቻ ምስጢር አይሆንም።

«መድኃኒት ከጀመርክ ሱስ ይሆንብሃል»

እንደ ፍሎክሰቲን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶች እንደ ጫት ወይም እንደ አልኮል ሱስ አያሲዙም። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፣ ስለዚህ በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መተው አይገባም። ሲቆምም በሐኪም ምክር ነው። ፀበሉንና ጸሎቱን ተው የሚል የለም። በአዲስ አበባ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው የሠሩበት ተሞክሮ አለ።

«መስከረም 30ን አክብረናል»

የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ጥሩ ነው። ግን አንዳንድ ዓመት አዲስ ገቢው በዚያ ቀን ግቢ እንኳ አልገባም። ተማሪ የሚጨነቀው ሚድ ሲወጣ፣ ፋይናል ሲደርስ፣ አሁን ደግሞ መውጫ ፈተና ሲቃረብ ነው። ለቀኑ ቲሸርት የሚወጣውን ገንዘብ ለእነዚያ ሳምንታት አቆዩት።

«ዊዝድሮው ካደረግኩ (ትምህርቴን ካቋረጥኩ) አበቃልኝ»

አላበቃም። በጤና ምክንያት ትምህርት አቋርጦ መመለስ ይቻላል፣ የአእምሮ ሕመምም ጤና ነው። የሐኪም ማስረጃ ያዙ፣ ቅጹን ከሬጅስትራር ወስዳችሁ በጊዜው ሙሉ፣ የተፈረመበትን ኮፒ ለራሳችሁ አስቀሩ። ዝም ብሎ ሻንጣውን ይዞ የሄደ ልጅ ሲመለስ ሬጅስትራር የሚያየው ኤፍ ብቻ ነው።